ዝም ያለ እንደተስማማ ሲቆጠር፦ በየወሩ የሚቆረጥብን ገንዘብ ታሪክ

ድንበር ተሻግሮ የሚነግድ ሰው የክፍያ ዓይነት አይጎድልበትም። ቀረጥ አለ፣ ኮቴ አለ፣ የመጋዘን ኪራይ አለ፣ የጫኝና አውራጅ አለ፣ የደላላ አለ፤ ስሙ የማይነሳም አለ። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ጠያቂ አላቸው። ሞያሌም ይሁን ጋላፊ፣ ቶጎጫሌም ይሁን መተማ፣ አንድ ሰው ፊታችን ቆሞ «ይህን ያህል» ይለናል። እንከራከራለን፣ ደረሰኝ እንጠይቃለን፣ ሲመረን እንራገማለን። በመጨረሻ ገንዘቡን ከኪሳችን አውጥተን የምንሰጠው ግን እኛው ነን።

ዛሬ የምናነሳው ጠያቂ የሌለውን ክፍያ ነው። አንድ ቀን «በነጻ ይሞክሩ» ብሎ ስልካችን ላይ የገባ አፕ፣ ሰንበት ብሎ ራሱን በራሱ እያደሰ የሚቆርጠውን ገንዘብ።

ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት እህታችን የጉምሩክ ወረቀቶችን በስልክ አንስቶ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር አፕ ጫነች። ሦስት ቀን ነጻ ነበር። ለአንድ ጭነት ተጠቀመችበትና ከስልኳ አጠፋችው። አፑ ጠፋ፤ ክፍያው ግን አልጠፋም። በየሳምንቱ 7.99 ዶላር ከካርዷ መቆረጡን ቀጠለ። በዓመቱ ሒሳቧን ስታመሳክር ያገኘችው 52 መስመር ነው፤ ሲደመር 415 ዶላር ከ48 ሳንቲም። ዶላር በምን ያህል ላብ እንደሚገኝ ለእናንተ አይነገርም። ለእሷ ይህ ገንዘብ የሚቀጥለው ጭነት መነሻ ነበር።

የሰማው ሁሉ «እንዴት አላየሽውም?» አላት። እኛ ግን ጥያቄው ወደ ሌላ ወገን መዞር አለበት እንላለን። ዝም ማለቷን እንደ «እሺ» እንዲቆጥረው ለዚያ አፕ ማን ፈቀደለት? ይህ ፈቃድ ከሰማይ አልወረደም፤ የመቶ ዓመት ታሪክ አለው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየጊዜው መክፈልን እኛ ከማንም አልተማርንም። ዕቁብ አለን። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው የዕቁብን ሕግ ከፊደል በፊት ያውቀዋል፤ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ፣ ዕጣ አለ። ዕቁብ ደግሞ ማለቂያ አለው። የመጨረሻው ሰው ሲበላ ዙሩ ያበቃል። አዲስ ዙር ሲጀመር ሰው ሁሉ እንደገና ይጠየቃል፤ በመጀመሪያው ዙር ስለነበረና ዝም ስላለ ብቻ ሁለተኛው ዙር ውስጥ የሚጻፍ የለም። አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ከቀረ ይደወልለታል፣ ካልሆነም ልጅ ይላክበታል። እድር ማለቂያ የለውም፤ እሱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የእድር ጸሐፊ የወሩን መዋጮ ለመሰብሰብ ቤታችን ገብቶ ፍራሻችንን ሲያነሳ አይተን አናውቅም።

በአውሮፓም ነገሩ መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ውድ መጽሐፍ ወይም ካርታ ለማሳተም የፈለገ ሰው አስቀድሞ የገዢዎችን ዝርዝር ያዘጋጅ ነበር። ገዢው ከዝርዝሩ ግርጌ ስሙን በእጁ ይጽፋል። ዛሬ «ሰብስክሪፕሽን» የምንለው ቃል የላቲን ሥሩ «ከስር መጻፍ» ነው። ያልጻፈ አልገባም፤ ነገሩ ግልጽ ነበር።

ይህ የተገለበጠው በኒውዮርክ ነው። በ1926 ሃሪ ሸርማን የሚባል የማስታወቂያ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር «የወሩ መጽሐፍ ክበብ» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ዳኞች በየወሩ አንድ መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ መጽሐፉ በፖስታ ወደ አባላቱ ቤት ይሄዳል። ሥራው እየደረጀ ሲሄድ አሠራሩ እንዲህ ሆነ፦ አስቀድሞ ማሳወቂያ ይደርሳል፤ አባሉ «አልፈልግም» የሚለውን ካርድ በጊዜው መልሶ ካልላከ መጽሐፉ ይመጣል፣ ሒሳቡም አብሮት። ነጋዴዎቹ ለዘዴው «ኔጌቲቭ ኦፕሽን» የሚል ስም አወጡለት፤ እምቢ ያላለ ሁሉ ገዢ ነው እንደማለት። የሰውን ባሕርይ በደንብ ያጠና ሰው የፈጠረው ነው። መጽሐፉን የማይፈልግ ብዙ ነው፤ ካርዱን ፈርሞ፣ ቴምብር ለጥፎ ፖስታ ቤት የሚሄድ ግን ጥቂት። በ1955 የተጀመረው የኮሎምቢያ የሸክላ ክበብ ይህንኑ ወደ ሙዚቃ ወሰደው። መግቢያው ብዙ ሸክላ በሳንቲም ዋጋ ነበር፤ ቀሪውን ዝምታው ይከፍለዋል።

እዚህ ላይ ግን ገንዘቡ ገና በከፋዩ እጅ እንደነበር እናስተውል። መጽሐፉ ሳይፈለግ ቢመጣም ቼኩን የሚጽፈው ሰውየው ራሱ ነው። እምቢ ካለ ደብዳቤና ማስፈራሪያ ይደርሰዋል እንጂ ሳያውቀው ከኪሱ አይወሰድም። ያንን በር የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ ታሪኩ ለእኛ ለነጋዴዎች ቅርብ ነው።

ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያ በብሪታንያ አይስክሬም ለብዙ ትናንሽ ሻጮች ያከፋፍል ነበር። ከእያንዳንዳቸው ገንዘብ መሰብሰብ አድካሚ ነው፤ ዱቤ ሰጥቶ የሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል። በኩባንያው የሚሠራው አላስታይር ሃንተን በ1964 አንድ መላ አመጣ። ከዚያ በፊት ባንኮች «ቋሚ ትእዛዝ» ነበራቸው፤ ከፋዩ «በየወሩ ይህን ያህል ለእገሌ ላኩ» ብሎ ባንኩን ያዛል። ሃንተን ነገሩን አዞረው፤ ከፋዩ አንድ ጊዜ ፈርሞ ይፈቅዳል፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚወሰድ ለባንኩ የሚነግረው ተቀባዩ ነው። ዳይሬክት ዴቢት የሚባለው ይህ ነው። ዱቤ ሲያባርር ጫማው ያለቀ ነጋዴ ሃንተንን አይወቅሰውም፤ እኛም አንወቅሰውም። ሐሳቡ ሐቀኛ ነው። የብሪታንያ ባንኮችም ዋስትና አበጅተውለታል፤ በስሕተት የተወሰደን ገንዘብ የከፋዩ ባንክ ይመልሳል፣ ከዚያ ከወሳጁ ጋር ይተሳሰባል። መውሰጃውና መመለሻው አብረው ይሄዳሉ። ወደ እኛ የደረሰው ግን መውሰጃው ብቻ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ሕግ ሥራ የጀመረው ሰው ከተማረረ በኋላ ነው። ብሪታንያ በ1971 ያልታዘዘ ዕቃ የላከ ነጋዴ ገንዘብ እንዳይጠይቅ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ዕቃው በተወሰነ ሁኔታ ለተቀባዩ እንደ ስጦታ ይቆጠራል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1973 የመጽሐፍና የሸክላ ክበቦችን የሚገዛ ደንብ ደነገገ፤ አባሉ እምቢ ለማለት በቂ ጊዜ እንዲሰጠው አስገደደ። ለእኛ የሚቀርበው ግን የኬንያ ነው። በ2012 የወጣው የኬንያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ያልጠየቀውን ዕቃ ወይም አገልግሎት የተቀበለ ሰው የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት ይናገራል። ናይሮቢ ውስጥ የሚነግዱ ወገኖቻችን ስንቶቹ ይህን ያውቁ ይሆን?

ዝምታን የሚሸጠው ንግድ ወደ ስልክ የገባው በጥሪ ድምፅ በኩል ነው። በ2004 እና በ2005 አውሮፓን ያስጨነቀውን «ክሬዚ ፍሮግ» የተባለውን የእንቁራሪት ዜማ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጃምባ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ይሸጠው ነበር። አንድ ዜማ የገዙ የመሰላቸው ብዙ ልጆች የገቡት በየጊዜው ከስልክ ሒሳብ በሚቆረጥ ምዝገባ ውስጥ ነበር። ወላጆች ጮኹ፣ ተቆጣጣሪዎች ተነሡ።

በእኛ አካባቢ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ የሞባይል ካርድ የማይሞላ ግን አልነበረም። የሞላነው ሒሳብ ሳናውቀው ሌላ ሰው እጁን የሚያስገባበት ከረጢት ሆነ። የኳስ ውጤት፣ የጥበብ አባባል፣ የጤና ምክር፣ መንፈሳዊ ጥቅስ፣ የደዋይ ማዳመጫ ዜማ በአጭር ቁጥር ይመጣል፤ በቀን ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል። «ካርዴን በላው» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚሁ ነው። ማን እንደበላው ስለማይታወቅ ባለቤት የሌለው ግስ ሆኖ ቀረ። ለማቆም ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል «ስቶፕ» ብሎ መላክ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው የመውጫው በር ላይ የማይገባው ቋንቋ ተጽፏል። መግቢያው ላይ ግን አንድ ቁጥር መንካት ይበቃ ነበር። ናይጄሪያ በ2016 ለእንዲህ ያሉ መልእክቶች ለሁሉም ኩባንያ አንድ የማቆሚያ ቁጥር፣ 2442ን፣ አስተዋውቃለች። አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ እንዴት እንደሚቀል አሥር አጭር ቁጥር ያሳደደው ሰው ይመሰክራል።

ምሥራቅ አፍሪካ በሌላ በኩል ለዓለም ያስተማረችው ነገር አለ። ኤምፔሳ በመጋቢት 2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀመር፣ ቴሌብርም በግንቦት 2021 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲከተል፣ መሠረታቸው ሰጪው ነበር። ላኪው መጠኑን ያስገባል፣ የምስጢር ቁጥሩን ይጫናል፣ ገንዘቡ ይሄዳል። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ከዕቁባችንም ጋር ይስማማል። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የአፕ ገበያ የሚሠራው በካርድ ነው፣ የካርድ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። ቁጥሩን አንድ ጊዜ የሰጠነው ሻጭ እኛ በሌለንበት ደጋግሞ ሊጠራው ይችላል። በ2022 ሳፋሪኮምና ቪዛ ከኤምፔሳ ጋር የተያያዘ ምናባዊ ካርድ ሲያወጡ ሁለቱ ልማዶች ተገናኙ። ሥራችንን አቅልሎልናል፤ ከዱባይና ከጓንጁ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ያውቀዋል። ግን በምስጢር ቁጥር የለመደ ሰው ካርድም ሁልጊዜ አስፈቅዶ የሚወስድ ይመስለዋል። በ2024 በዚያው በኤምፔሳ የመጣው «ራቲባ»፣ በስዋሂሊ የጊዜ ሰሌዳ ማለት ነው፣ ደንበኛው ራሱ የሚያዝዘው ቋሚ ክፍያ ነው። ከሃንተን በፊት ወደነበረው አሠራር ይጠጋል፤ እኛ እሱን እንመርጣለን።

አፕል የአፕ ሱቁን የከፈተው በሐምሌ 2008 ነው። ያኔ አፕ እንደ ሸሚዝ ነበር፤ አንዴ ተከፍሎ ይወሰዳል። በየካቲት 2011 ለጋዜጣ፣ ለሙዚቃና ለቪዲዮ ራሱን የሚያድስ ምዝገባ ተፈቀደ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2016 ነው። ምዝገባው ለሁሉም ዓይነት አፕ ተከፈተ፤ በዚያ ላይ አንድ ደንበኛ ዓመት ከቆየ የአፕል ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 15 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። ነጋዴ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ደንበኛው በቆየ ቁጥር የሻጩ ትርፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሻጩ ሰው እንዳይወጣ አጥብቆ ያስባል። የእጅ ባትሪ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የወረቀት ማንሻ ሁሉ የወር ደሞዝ ጠያቂ ሆኑ። ለፍትሕ ያህል፣ በየወሩ መክፈል በራሱ ነውር የለውም። ሶፍትዌር ጠጋኝ ይፈልጋል፣ ጠጋኙም ይበላል። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝልን አፕ ዋጋውን ቢጠይቅ እንከፍላለን። ቅሬታችን በሩ ከውጭ ብቻ እንዲከፈት ሆኖ በመሠራቱ ነው።

ሶፎስ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በ2019 ለእነዚህ አፖች «ፍሊስዌር» የሚል ስም አወጣላቸው፤ በግ ሸላች እንደማለት። ባር ኮድ ከማንበብ የማያልፍ ሥራ ይሠሩና ነጻ ቀኑ ሲያልፍ ከ100 ዩሮ በላይ የሚቆርጡ ተገኝተዋል። ቫይረስ አልነበሩም፤ በወረቀት ላይ ሕጋዊ ናቸው፣ ያታለሉትም በትንንሽ ፊደል ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቆቹ ራሳቸው ጠበቅ አድርገዋል። አፕል ከ2019 ጀምሮ ምዝገባው ያላለቀ አፕ ስናጠፋ ያስጠነቅቀናል፤ ጉግልም በ2020 ዋጋውና የነጻው ጊዜ ማብቂያ በግልጽ እንዲጻፍ አዘዘ።

የመውጫው በር ጉዳይ ፍርድ ቤት የደረሰው በአማዞን ላይ ነው። የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን በሰኔ 2023 ኩባንያውን ሲከስ፣ ከፕራይም ምዝገባ የሚወጣበት መንገድ ኩባንያው ውስጥ «ኢሊያድ» ተብሎ ይጠራ እንደነበር ገለጸ፤ በሆሜር ረጅም የጦርነት ግጥም ስም መሆኑ ነው። ቀልዱ የገባቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። በመስከረም 2025 አማዞን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች ተመላሽ ነው። ኮሚሽኑ በ2024 «መውጣት እንደ መግባት ይቅለል» የሚል ሰፊ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በሐምሌ 2025 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት በአወጣጡ ሥነ ሥርዓት ምክንያት ሻረው። ጀርመን ቀድማለች፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በድረ ገጽ ምዝገባ የሚሸጥ ሁሉ በግልጽ የሚታይ የማቋረጫ ቁልፍ እንዲያኖር ታስገድዳለች።

የእኛ ችግር ከጀርመኑ ሸማች ይለያል። ስልኩ ከዱባይ መጥቷል፣ መስመሩ የኬንያ ነው፣ ካርዱ በአጎት ልጅ ስም ነው፣ የጉግል ወይም የአፕል አካውንቱን የከፈተልን ስልኩን የሸጠልን ልጅ ነው። ክፍያው አንድ አገር ውስጥ ይቆረጣል፣ ደረሰኙ ደግሞ የይለፍ ቃሉን በማናውቀው ኢሜይል ይገባል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል አድርጉት፤ ነባሩ ውስጥ የሚሠራ ምዝገባ ካለ ግን ከመተዋችሁ በፊት እዚያው ገብታችሁ አቋርጡ። በአይፎን ሴቲንግስ ከፍታችሁ፣ ስማችሁን ነክታችሁ፣ ሰብስክሪፕሽንስ የሚለውን ግቡ። በአንድሮይድ ፕሌይ ስቶር ከፍታችሁ፣ ከላይ ያለውን ምስላችሁን ነክታችሁ፣ ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ የሚለውን ፈልጉ። በነጻ ለመሞከር የገባችሁበትን ማብቂያው ቀን አትጠብቁት፤ አፕል ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እንዲቋረጥ ይጠይቃል። ሲቋረጥ የሚመጣውን ማረጋገጫ ስክሪንሾት አንሱት።

እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ክፍያ ካገኛችሁ ምናልባት ከድረ ገጽ በቀጥታ የተገዛ ነው። ኢሜይላችሁ ውስጥ የሻጩን ስም ፈልጉና በዚያው ድረ ገጽ ገብታችሁ አቋርጡ። ገንዘብ ለማስመለስ ፈጥኖ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ጉግል ጥያቄውን በራሱ የሚያስተናግደው በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲቀርብለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ አፑ ሠሪ ይመራችኋል። አፕል ለዚሁ የተለየ ገጽ አለው፣ «ሪፖርት ኤ ፕሮብለም» ይባላል። ካርዱን ማሳገድ ብቻውን መላ አይሆንም። አፕል ያልተሳካ ክፍያን እስከ 60 ቀን ሊሞክር ይችላል፤ ቪዛም ካርድ ሲቀየር አዲሱን ቁጥር ለነባር ሻጮች የሚያቀብልበት አገልግሎት አለው። መጀመሪያ ምዝገባው ይቋረጥ፣ ካርዱ ከዚያ በኋላ ይታገድ።

አገር የምትቀይሩ ወገኖች ደግሞ የምትተዉትን የስልክ መስመር አስቡ። ካምፓላ ወይም ጁባ የቀረ ሲም ጥቂት ወራት ካልሠራ ኩባንያው ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል። ባንካችሁ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደዚያ ቁጥር ከሆነ ኮዱ የሚደርሰው አዲሱ ባለቤት ጋ ነው። መስመሩ ገና በእጃችሁ ሳለ በባንኩም፣ በአፕ ሱቁም፣ በኢሜይሉም ላይ ቁጥሩን ቀይሩ፤ በአጭር ቁጥር የሚቆረጥ ነገር ካለም ያኔውኑ አስቁሙት፣ ሲሙ ከስልኩ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን።